ኮምባይንድ ማሽን ወይስ ነጠላ ማሽኖች? ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሽን ለመግዛት የተነሣ የእንጨት ባለሙያ ሁሉ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ እስከ አከራካሪው።

ኮምባይንድ ማሽን የሚባለው የትኛው ነው?

በአንድ አካል ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ የእንጨት ማሽኖችን የያዘ ነው። ሙሉው ባለ አምስት ሥራ ይባላል፦ ክብ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ውፍረት ማስተካከያ፣ የጠርዝ ቅርጽ የሚያወጣው ስፒንድል እና ለወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ጉድጓድ የሚቦረቡረው መብሻ። የኦስትሪያው ፌልደር፣ የቤልጂየሙ ሮብላንድና የጣሊያኑ ሚኒማክስ በዚህ ዓይነት ማሽን የታወቁ ናቸው። ደህና ደህናዎቹ ለመጋዙ፣ ለመላጊያውና ለስፒንድሉ ሦስት የተለያዩ ሞተሮች አሏቸው። ርካሾቹ አንዱን ሞተር ቺንጊያ እያዘዋወሩ ለሁሉም ያካፍሉታል።

በተመሳሳይ ስም የሚጠራ ሌላ ዘርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ሾፕስሚዝ በሁለት ቧንቧዎች ላይ የሚንሸራተት አንድ ሞተር አለው፤ ይኸው ሞተር እንደ አስፈላጊነቱ መጋዝ፣ ቶርኖ፣ መሰርሰሪያና ማለስለሻ ዲስክ ይሆናል። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ብልህ ፈጠራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ግን የሚመለከተው የፊተኛውን፣ ከባዱን ዓይነት ነው።

መላጊያና ውፍረት ማስተካከያ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም፤ በዚህ ተሳስቶ አንዱን ብቻ ገዝቶ የሚቆጭ ሰው ብዙ ነው። መላጊያ የጠማማውን ሳንቃ አንድ ፊትና አንድ ጠርዝ ቀጥ ያደርጋል። ውፍረት ማስተካከያ ደግሞ ያንን ቀጥ ያለ ፊት መሠረት አድርጎ ሌላውን ፊት ከእርሱ ጋር ትይዩ ያደርገዋል። ጠማማ ሳንቃ ሳይላግ በቀጥታ ውፍረት ማስተካከያ ውስጥ ቢገባ ተንከባላዮቹ ተጭነው ለጊዜው ያቀኑታል፤ በሌላው በኩል ሲወጣ ተመልሶ ይጣመማል። በእጅዎ የሚቀረው በጣም የለሰለሰ ጠማማ ሳንቃ ነው።

ሁለቱ ሥራዎች አንዱን የምላጭ ግንድ (ምላጮቹ የታሰሩበትን ተሽከርካሪ ዘንግ) ሊጋሩ ስለሚችሉ ከጥምረቶች ሁሉ ይህኛው የተሳካው ነው፤ በላይ ይላጋል፣ በታች ውፍረቱ ይስተካከላል። ጥቅሙ በስፋት ይታያል። ለአነስተኛ ሥራ ቤት የሚሸጥ ነጠላ መላጊያ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊሜትር ነው። የተጣመረው ግን ውፍረት ማስተካከያው ሰፊ መሆን ስላለበት መላጊያውም አብሮ 300 ወይም 410 ሚሊሜትር ይሆናል። ሰፊ ሳንቃ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ልጎ፣ መልሶ ማጣበቅን የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ይረዳል።

ቦታዬ ጠባብ ነው። ያለ ኮምባይንድ አማራጭ የለኝም ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚቆምበት ቦታና እንጨቱ የሚሄድበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። ባለ አምስት ሥራው ማሽን ራሱ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አካባቢ ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን 2.44 ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ከመጋዙ ዲስክ በፊት 2.44፣ ከዲስኩ በኋላም 2.44 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። ድምሩ ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል። ተንሸራታች ጠረጴዛው ወደ ጎን ወጥቶ ሲመጣ፣ መብሻው በሌላ በኩል ሲያስፈልግ፣ ማሽኑ ከግድግዳ ተጠግቶ መቆም እንደማይችል ይገባዎታል። የክፍሉን መሐል ይይዛል፤ ከያዘም በኋላ አይንቀሳቀስም።

ነጠላ ማሽኖች በተቃራኒው ግድግዳ ተጠግተው ይቆማሉ፣ ባለ ጎማ መቀመጫ ላይ ሆነው እየተጎተቱ ይወጣሉ፣ አንዱን ባዶ መተላለፊያም በየተራ ይጠቀሙበታል። ክፍሉ ጠባብና ረጅም ከሆነ ይህ ይሻላል። አራት ማዕዘንና መሐሉ ክፍት ከሆነ ደግሞ ኮምባይንዱ ይመቻል። ከመወሰንዎ በፊት የማሽኑን ልክ በጠመኔ መሬቱ ላይ ይሳሉ፤ ረጅም ጣውላ ይያዙና በዙሪያው እየዞሩ የሚቆርጡ፣ የሚልጉ ያህል ይሞክሩት። ክርንዎ ግድግዳ የሚነካበት ቦታ ወዲያው ይታወቃል።

በሩንም አይርሱ። ሙሉው ኮምባይንድ ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በጠባብ በር ወይም በደረጃ አይገባም።

በዋጋስ የትኛው ይረክሳል?

ተመሳሳይ ጥራት ላላቸው ከሆነ ኮምባይንዱ። አንድ ብረት አካል፣ አንድ የማብሪያ ማጥፊያ ሥርዓት፣ አንድ ተንሸራታች ጠረጴዛ ለሁለት ሥራ ስለሚያገለግል አራት ነጠላ ማሽኖችን በዚያው ደረጃ መግዛት የበለጠ ያስወጣል። ግን ንጽጽሩ በዚህ መልክ እምብዛም አይመጣም። ነጠላ የሚገዛ ሰው በአንድ ቀን አራቱን አይገዛም፤ ዛሬ መጋዝ፣ ገንዘብ ሲገኝ መላጊያ እያለ ይሄዳል። ኮምባይንድ ግን ሙሉ ዋጋው በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ምናልባት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነኩትን ስፒንድልም ጨምሮ።

ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መቀየር ምን ያህል ያደክማል?

ከመላግ ወደ ውፍረት ማስተካከል ሲዞሩ የሚሠሩት ይህን ነው፦ ሞተሩን አጥፍተው ምላጩ እስኪቆም ይጠብቃሉ፤ የታችኛውን ጠረጴዛ በመዘውሩ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የጎን መደገፊያውን ከመንገድ ያርቃሉ፤ ቁልፉን ፈተው የላይኞቹን ጠረጴዛዎች ወደ ላይ ያነሣሉ፤ የሰጋቱራ ሽፋኑን በምላጩ ላይ ይገለብጣሉ፤ ሰጋቱራ የሚስበውን ቱቦ ያዛውራሉ፤ ከዚያ የታችኛውን ጠረጴዛ እንደገና ወደሚፈልጉት ውፍረት ከፍ ያደርጋሉ። ለለመደ እጅ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነው። ሻጮች የሚነግሩት ይህንን ደቂቃ ነው፤ ውሸትም አይደለም።

የሚያስከፍለው ግን ጊዜው አይደለም፣ የጠፋው ልክ ነው። አንድ ጊዜ ስድስት መሳቢያዎች ስሠራ የጎኖቹን ሳንቃ ሁሉ 14 ሚሊሜትር አድርጌ ጨረስኩና ማሽኑን ወደ መላጊያ መለስኩት። ለመገጣጠም ስቀመጥ አንዱ ጎን ጉጥ ላይ ተሰንጥቆ አገኘሁት። አንዲት ሳንቃ ለመተካት ላግሁ፣ ገለበጥኩ፣ መዘውሩን አዞርኩ፤ 13.8 ሆና ወጣች። ያች ሁለት አስረኛ ሚሊሜትር በዐይን አትታይም፤ ጣት ግን መሳቢያው ማዕዘን ላይ ሲያልፍ ያገኛታል። ሦስት ማሽን ቢኖረኝ ኖሮ ውፍረት ማስተካከያው 14 ላይ እንደቆመ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አንድ ትርፍ ሳንቃ አብሬ አወጣለሁ፤ መዘውሩ ላይም ልክ የሚያሳይ ቆጣሪ አስገጥሜያለሁ።

ስለዚህ ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ «ደቂቃው ይበዛብኛል?» የሚል ሳይሆን «ሥራዬን በዙር ነው የምሠራው ወይስ እየዘለልኩ?» የሚል ነው። ሁሉንም ሰንጥቆ፣ ሁሉንም ልጎ፣ ሁሉንም ውፍረት አስተካክሎ የሚሄድ ሰው በኮምባይንድ ደስ ብሎት ይኖራል። አንዱን ቆርጦ፣ ገጥሞ አይቶ፣ ትንሽ ልጎ፣ እንደገና ቆርጦ የሚሠራ ሰው (ወንበር የሚሠሩ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) በሦስተኛው ሳምንት ይማረራል። የእኔ ግምት ከቦታም ከገንዘብም በላይ ይህ ልማድ ነው የሚወስነው።

ሁለት ሰዎች ሆነን ብንሠራስ?

ነጠላ ይግዙ። ኮምባይንድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። አብዛኞቹ በመምረጫ ማብሪያቸው ከአንድ በላይ ሞተር እንዲነሣ አይፈቅዱም፣ ቢፈቅዱም አደገኛ ነው።

የተጣመረ ማሽን ልኩን ይጠብቃል? ይዛነፋል ሲሉ እሰማለሁ።

ርካሹ ይዛነፋል፣ ጥሩው አይዛነፍም። ክብደቱና ሰፊው አካሉ ንዝረት ስለሚውጥ ጥሩ ኮምባይንድ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገዙ ቀላል ነጠላ ማሽኖች የተሻለ ቆርጦ ሊያወጣ ይችላል። ደካማ ጎኑ የሚነሡት የመላጊያ ጠረጴዛዎች ማጠፊያ ነው። በየቀኑ ተነሥተው በተመለሱ ቁጥር እዚያው የመጀመሪያ ቦታቸው ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ መቆለፊያው ውስጥ የገባች አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት እንኳ ታዛንፋቸዋለች። ከመዝጋትዎ በፊት መቀመጫውን በብሩሽ ጠረግ ማድረግ ልማድ ይሁን።

ሌላው የጠረጴዛው ርዝመት ነው። መላጊያ በምቾት ቀጥ የሚያደርገው የጠረጴዛውን እጥፍ ያህል ርዝመት ያለውን ሳንቃ ነው። የኮምባይንድ መላጊያ ከዋናው ነጠላ መላጊያ ያጥራል፤ የበር ቁመት ያላቸውን ጠርዞች ዘወትር የሚያጣብቁ ከሆነ ይህ ይጎድልዎታል።

ያለኝ መብራት ባለ አንድ ፌዝ ነው። ይሠራልኛል?

2.2 ኪሎ ዋት (ሦስት የፈረስ ጉልበት) ሞተር ያላቸው በባለ አንድ ፌዝ ይገኛሉ። በ230 ቮልት ሥራ ላይ 13 አምፔር አካባቢ ይስባል፤ ሲነሣ ለአፍታ የዚህን ብዙ እጥፍ። ሰጋቱራውን በአየር ጎትቶ የሚሰበስበው ማሽን፣ የሰጋቱራ መሳቢያውም፣ አብሮ ስለሚሠራ ለሁለቱ የተለያየ መስመር ያስዘርጉ። በዚህ በኩል ኮምባይንድ ምንም አይጎዳም፤ ሦስት ሞተር ቢኖረውም የሚነሣው አንዱ ነው።

ባለ ሦስት ፌዝ ኮምባይንድ በርካሽ አግኝቶ «በኢንቨርተር (ባለ አንድ ፌዙን መብራት ወደ ሦስት ፌዝ በሚቀይር መሣሪያ) አስነሣዋለሁ» ለሚል ሰው ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጀመሪያ የሞተሩን ሰሌዳ ያንብቡ። 230/400 የሚል ከሆነ የሞተሩ ሽቦ ዴልታ ወደሚባለው አያያዝ ተቀይሮ በ230 ቮልት ይሠራል፤ 400/690 የሚል ከሆነ ተራው ኢንቨርተር ሙሉ ጉልበት አይሰጠውም። ሁለተኛ፣ ኢንቨርተር በቀጥታ ከሞተሩ ጋር መገናኘት አለበት። የማሽኑን ዋና ገመድ ኢንቨርተር ላይ ሰክቶ በማሽኑ የራሱ ማብሪያ እያበሩ እያጠፉ መሥራት ኢንቨርተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። በነጠላ ማሽን ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሦስት ሞተርና የደኅንነት ማብሪያዎች ባሉት ኮምባይንድ ላይ ግን መላውን የኤሌክትሪክ ሳጥን እንደገና ማሠራት ማለት ነው። ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚከፈለውን ጨምረው ሲያሰሉት ርካሽነቱ ይጠፋል።

የሰጋቱራ መሳቢያው ለሁለቱም አንድ ነው?

አንድ መሳቢያ ይበቃል፤ ኮምባይንድ ላይ አንድ ቱቦ ብቻ እያዛወሩ ይሠራሉ። ለነጠላዎች ቧንቧ ዘርግቶ ለእያንዳንዱ መዝጊያ ማስገባት ይመረጣል። መላጊያ ብዙ ፍቅፋቂ ስለሚያወጣ ባለ 120 ሚሊሜትር ቧንቧ የተለመደ ሲሆን፣ በውስጡ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር እንዲሄድ በሰዓት 800 ሜትር ኩብ ያህል መሳብ ያስፈልጋል። መሳቢያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ቱቦ ሳይገጠም የተለካ መሆኑን አይዘንጉ፤ በተግባር የሚያገኙት ከዚያ ያነሰ ነው።

ይህ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ተርታ አስቀምጦታል።

ለአደጋ የበለጠ የሚያጋልጠው የትኛው ነው?

ማሽኖቹ በራሳቸው አይለያዩም፤ የሚለየው መከላከያዎቹ የሚነሡበት ብዛት ነው። ኮምባይንድ ላይ ሥራ በተቀየረ ቁጥር አንድ ሽፋን ይነሣል፣ ሌላው ይገባል። የደከመ ሰው «ለአንዲት ቁራጭ ነው» ብሎ የመጋዙን ሽፋን ሳይመልስ ይሠራል። ከዲስኩ ጀርባ የምትቆመው መለያያ ብረት እንጨቱ ዲስኩን ጨምቆ ወደ ሰው እንዳይወረወር የምትከላከል ናት፤ እርሷን ለማንሣት ምንም ሥራ ሰበብ አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው መብሻውን ነው። ባለ አምስት ሥራ ማሽን ላይ መብሻው የሚሽከረከረው በመላጊያው የምላጭ ግንድ ጫፍ ላይ ታስሮ ነው። ጉድጓድ እየቦረቦሩ ሳለ አጠገብዎ የመላጊያው ምላጭም እየዞረ ነው፤ ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ሳያዩ አያስነሡ። ለመብሻው የሚገዙት መሰርሰሪያም ከማሽኑ አዟዟር ጋር መስማማት አለበት፤ ወደ ግራ የሚዞሩና ወደ ቀኝ የሚዞሩ አሉ።

አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሥራዬ ሁሉ ይቆማል?

ባለ አንድ ሞተሩ ላይ፣ አዎ። ባለ ሦስት ሞተሩ ላይ አንዱ ሞተር ቢቃጠል ሌሎቹ ይሠራሉ፤ የጋራው ማብሪያ ወይም የአደጋ ማቆሚያው ከተበላሸ ግን ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሻጩን ፈገግታ ትተው ኩሽኔታው፣ ቺንጊያውና ማብሪያው በመደበኛ ቁጥር የሚገኙ መሆናቸውን ይጠይቁ። ኩሽኔታ በቁጥሩ የትም ይገኛል፤ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠራ የፕላስቲክ ጥርስ ግን ማሽኑ መመረት ባቆመ ማግስት ይጠፋል።

ያገለገለ ኮምባይንድ ስገዛ ምኑን ልፈትሽ?

ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና የክፍተት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የመላጊያውን ጠረጴዛዎች በርዝመትና በሰያፍ ይለኩ፤ ከዚያ ጠረጴዛዎቹን አንሥተው ይመልሱና እንደገና ይለኩ። ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ የሄደ ሰው ማሽኑ የቆመበትን ሁኔታ እንጂ ማሽኑን አላየም። ልኩ በየጊዜው ከተለያየ ማጠፊያው አልቋል፤ ዋጋ መቀነስ አያድነውም።

ቺንጊያውን አስፈትተው እያንዳንዱን ዘንግ በእጅ ያዙሩ፤ የሚያንኳኳ ወይም እንደ አሸዋ የሚያንገራግር ኩሽኔታ ጣት ላይ ይሰማል። ተንሸራታቹን ጠረጴዛ ለመፈተን ሰፋ ያለ የኤምዲኤፍ ቁራጭ አስቀርበው አራቱን ጎን በየተራ፣ ሁልጊዜ የተቆረጠውን ጎን መደገፊያው ላይ እያስጠጉ ይቁረጡ፤ በአምስተኛው ቆረጣ የመጀመሪያውን ጎን ደግመው አንድ ቀጭን ስትሪፕ ያውጡ። የስትሪፑ ሁለት ጫፎች ስፋት ልዩነት የስኳድራው (የ90 ዲግሪው ማዕዘን) ስሕተት አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል። ይህ በመደገፊያው ማስተካከያ ስለሚስተካከል አያስደንግጥዎት፤ ሻጩ እንዲቆርጡ አልፈቅድም ካለ ግን ይደንግጡ።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ አማራጭ የለም?

አለ፤ ለአብዛኛው ብቻውን ለሚሠራ ሰው እኔ የምመክረውም ይህንኑ ነው። መላጊያውንና ውፍረት ማስተካከያውን አንድ ላይ ይግዙ፣ መጋዙን ለብቻው ያቁሙ። ስፒንድል የሚያስፈልግ ከሆነ ከመጋዙ ጋር የተጣመረ ይገኛል፤ ሁለቱም ተንሸራታቹን ጠረጴዛ ስለሚጋሩ ይስማማሉ። በዚህ አደራረግ እየላጉ መሐል ላይ አንድ ቁራጭ ቢያስፈልግዎ የመጋዙ ልክ ሳይነካ ይቆርጣሉ፤ በመዝለል የሚሠራ ሰው የሚማረርበት ትልቁ ምክንያት ይወገድለታል።

ነጠላ ከመረጥኩ ከየትኛው ልጀምር?

እንደ ሥራዎ ነው። ኩሽና መደርደሪያና ቁም ሣጥን ከኮምፔንሳቶና ከኤምዲኤፍ የሚሠራ ሰው በክብ መጋዝ ይጀምር፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ የኤምዲኤፍ ሰሌዳ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ተንሸራታች ጠረጴዛ ያለውን ይምረጥ። ከጥሬ ጣውላ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ ግን በቀበቶ መጋዝና በተጣመረ መላጊያ ቢጀምር ክብ መጋዙን ለረጅም ጊዜ ላይናፍቀው ይችላል። ቀበቶ መጋዝ በባለ አምስት ሥራው ማሽን ላይ የለም፤ ኮምባይንድ የገዛም ሰው ውሎ አድሮ ለብቻው ይገዛዋል፣ ለእርሱም ቦታ ይተዉ።

ኮምባይንድ ገዝቼ በኋላ ሐሳቤን ብቀይር?

መሸጥ ይችላሉ፤ ገዢው ግን ጥቂት ነው፣ የማጓጓዣውም ጣጣ ዋጋውን ይጎትተዋል። ነጠላ ማሽን አንዱን ሸጦ በተሻለ መተካት ይቻላል፤ ኮምባይንድ ሲሸጥ ግን ሥራ ቤቱ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ መጋዙን ለብቻ ገዝቶ ኮምባይንዱን በመላጊያነት ይጠቀምበት። አንዳንዱ እዚያው ላይ ይቆማል፤ የማሽኑ መጋዝ የመሣሪያ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል።